የሰኞ ቀሪዎችና እትዬ አለምነሽ

የምታውቁት ሰው ማረፉ ተነግሯችሁ፣ እንባው ከመምጣቱ በፊት የዚያ ሰው ድምፅ ጆሯችሁ ላይ መጥቶ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። አንበሳሜ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ሚኒባስ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። የደወለው ቀድሞ ደብረ ታቦር አብሮኝ ያስተምር የነበረ ባልደረባዬ ነው። «እትዬ አለምነሽ አረፉ» አለኝ። መታመማቸውን አውቅ ነበር። ሆኖም አፌ ላይ የመጣልኝ «እንዴት ይሆናል? ይህን በሽታ የታመመ ሁሉ ይድናል ሲባል አልነበር?» የሚል ነው። ይህን እየተናገርኩ የራሳቸው ድምፅ፣ ያ ዝግ ያለና የማይቸኩል ድምፅ፣ «ሁሉ? ስንት ከስንት?» ሲለኝ ሰማሁት። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ አለምነሽ ደብረ ታቦር ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነበሩ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እዚያ ስመደብ እሳቸው ለጡረታ ጥቂት ዓመታት ቀርቷቸዋል። አጠር ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ የደብረ ታቦርን ብርድ የሚመክቱበት ጥቁር ሹራብ ከላያቸው አይወርድም፤ ጠመኔ ሲይዙ ሹራቡ እንዳይበላሽ እጅጌውን ወደ ላይ ይሰበስቡታል። «ስንት ከስንት?» ሲሉ ቀኝ መዳፋቸውን ከግራው በላይ አድርገው ሁለቱንም አግድም ይዘረጓቸዋል። ከላይ ያለው እጅ የሆነው ነገር ብዛት ነው፤ ከታች ያለው የጠቅላላው ብዛት ነው፤ በመካከል ያለው ክፍተት የማካፈያው መስመር ነው። ተማሪዎቻቸው ይህን አይተው እጃቸውን እንደሳቸው እየዘረጉ ይቀልዱ ነበር። እሳቸው አይቆጡም። «እጅህን በደንብ ዘርጋው፤ የታችኛውን አትርሳ» ይላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የታችኛውን በመርሳት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እሳቸው ባሉበት «ሁልጊዜ» እና «በጭራሽ» የሚባሉትን ቃላት የሚናገር ሰው ተጠያቂ ነው። የስፖርት መምህሩ አንድ ቀን ውሃ እያንጠባጠበ ገብቶ፣

«እትዬ፣ ይሄ ዝናብ እኮ ጠላቴ ነው። ጃንጥላ ስይዝ አይዘንብም፤ ስተወው ሁልጊዜ ይዘንባል» አለ።

«ጻፈው» አሉት።

«ምኑን?»

«በያዝክበት ቀን ዘነበ አልዘነበ፣ ባልያዝክበት ቀን ዘነበ አልዘነበ። አራት ቦታ ነው። ጭረት ጭረት እያደረግህ ሙላው።»

ሰውየው ለቀልድ ያህል ያዘው፤ ኋላ ግን ነገሩ ልቡን ሳበው መሰለኝ እስከ መጨረሻው ሞላው። ይዞ ሲመጣ ጃንጥላ ከያዘባቸው አስር ቀናት ስድስቱን ዘንቧል። ካልያዘባቸው አስር ቀናትም ስድስቱን ዘንቧል። እትዬ አለምነሽ ወረቀቱን አዩና «እንግዲህ ምን ይደረግ ወንድሜ፣ ዝናቡ አያውቅህም» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሱም ሳቀ።

የማስተማር ዘዴያቸውን ለማየት ብዬ ክፍላቸው ገብቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ፕሮባብሊቲ፣ ማለትም የአንድን ነገር የመሆን ዕድል ከድግግሞሽ ሰንጠረዥ ማስላት ነው። እኔ ብሆን ኖሮ በሳንቲምና በሚወረወረው ባለ ስድስት ገጽ ዳይ እጀምር ነበር። እሳቸው «ከየት ነው የመጣችሁት?» ብለው ጀመሩ። እጅ እያስወጡ፣ ለእያንዳንዱ እጅ አንድ ጭረት እየሰመሩ ሰሌዳውን ሞሉት። ሃያ ሁለት ከከተማው፣ አስራ አምስት ከፋርጣ ገጠር፣ ስምንት ከእስቴ አቅጣጫ፣ አምስት ከጋይንት አቅጣጫ፤ ሲደመር ሃምሳ።

«አሁን ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ስም ብጠራ የእስቴ ልጅ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?»

የእስቴዎቹ ስምንት ናቸው፤ ጠቅላላው ሃምሳ ነው። ስምንት ለሃምሳ ሲካፈል 0.16 ይሆናል። ከከተማው ወይም ከፋርጣ የመሆኑ ዕድልስ? አንድ ልጅ ከሁለቱም ቦታ ሊመጣ ስለማይችል ሃያ ሁለትና አስራ አምስት ይደመራሉ፤ ሠላሳ ሰባት ከሃምሳ፣ 0.74። የከተማ ልጅ ያለመሆኑ ዕድልስ? ከአንድ ላይ የከተማውን 0.44 ስንቀንስ 0.56። አራቱን ዕድሎች ስንደምራቸው አንድ ይመጣሉ፤ ካልመጡ የተዘለለ ወይም ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ልጅ አለ ማለት ነው።

ከጋይንት የመጣ አንድ ልጅ ፈገግ ብሎ «ቲቸር፣ እንግዲያው እኛ አምስታችን እንተኛ፤ አንጠራም» አለ።

«አትጠሩም ብያለሁ?»

«ዕድላችን 0.1 ነዋ።»

«0.1 ዜሮ ነው?»

«አይደለም።»

«በል ተነስና የሚቀጥለውን ስራ።»

ልጁ እየሳቀ ወደ ሰሌዳው ሄደ። እኔ ደብተሬ ላይ ብዙ ነገር ጻፍኩ። ያን ዕለት ያልገባኝ ነገር የገባኝ ግን በአያ ፈንታ ምክንያት ነው።

አያ ፈንታ ከጉና ግርጌ፣ ከከተማው ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ቦታ የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው እናንየ እትዬ አለምነሽ ዘንድ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ያኔ የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ገና አልቀረም፤ ያለፈ ወደ አስራ አንደኛ ይገባል፣ ያላለፈ ቴክኒክና ሙያ ይገባል ወይም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናንየ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሰውየው በጥር ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት ዱላቸውን እንደያዙ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡ። የመጡት ልጃቸውን ሊወስዱ ነው።

«ታላቋን አስተምሬ ነበር» አሉ፣ በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁመው። «ወድቃ ተመለሰች። አሁን ቤቱንም እንደ እናቷ አታውቅ፣ ቢሮውንም አላገኘች። ሁለተኛ እንዲህ አልሆንም። አንድ ነገር ንገሩኝ። ይህች ልጅ ታልፋለች? ታልፋለች በሉኝና ትቻት ልሂድ። አታልፍም በሉኝና ይዣት ልሂድ።»

ምክትሉ ደግ ሰው ነበር። «ታልፋለች፣ አያ ፈንታ! ጎበዝ ልጅ ናት። እኔ አለሁ» አላቸው።

እናንየ በሩ አጠገብ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ከእኔ ጋር እዚያው ቢሮ ተቀምጠው የነበሩት እትዬ አለምነሽ ወንበራቸውን ወደ ሰውየው አዞሩ።

«እኔ አላውቅም» አሉ።

ምክትሉ በዓይኑ ተቆጣ። አያ ፈንታ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«የማያውቁ ከሆነ ማን ሊያውቅ ነው፣ እሜቴ?»

«ከሷ በፊት እንደሷ ሆነው የተማሩት ምን እንደሆኑ መቁጠር እችላለሁ። አንድ ሳምንት ይስጡኝ። የዛሬ ሳምንት ይምጡና የቆጠርኩትን እነግርዎታለሁ። እስከዚያ አይውሰዷት።»

ሰውየው ልጃቸውን አዩ፣ መምህርቷን አዩ። «እሺ፣ ለአንድ ሳምንት» ብለው ሄዱ።

ከሰዓት ከሰዓት ክፍል ስንጨርስ እሳቸውና እኔ የስም መጥሪያዎችንና የፈተና ውጤቶችን ይዘን እንቀመጥ ነበር። ከገጠር መጥተው ተከራይተው የተማሩ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት የተፈተኑ ሴት ልጆችን አንድ በአንድ ለቀምን። ስልሳ ሆኑ። ከስልሳው ያለፉት ሃያ አንድ ናቸው። ሃያ አንድ ለስልሳ፣ 0.35። እርሳሴን አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ይሄን ከነገርናቸው ነገውኑ ነው የሚወስዷት።»

«ካልነገርናቸውስ?»

«ተስፋ ይኖራቸዋል።»

«የምንን ተስፋ? ታላቋንም ታልፋለች ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። እኚህን ሰው ሁለተኛ ማታለል ነው።» ወረቀቶቹን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡና «ግን ገና አልጨረስንም። ስልሳዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው ወይ?» አሉ።

እዚህ ላይ ላስረዳ። በእኛ ትምህርት ቤት «የገጠር ልጅ ሰኞ አይገኝም» የሚል ቀልድ ነበር። ሁላችንም እንለዋለን። ስንፍና ይመስለን ነበር። የገጠር ተማሪ የሳምንቱን ስንቅ፣ እንጀራውን፣ ዱቄቱን፣ ሽሮውን የሚያመጣው ከቤተሰቡ ነው። ልማዱ ደግሞ ሴት ልጅ ስንቋን ራሷ ሄዳ ማምጣቷ ነው። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ትነሳለች፣ ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ትጋግራለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተሸክማ ትመለሳለች። ከተማ ስትደርስ የጠዋቱ ትምህርት አልፏል። በእኛ ፕሮግራም የሰኞ የመጀመሪያ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ሒሳብና እንግሊዝኛ ነበሩ። ስም ስንጠራ ከስሟ ፊት ለፊት የቀሪ ምልክት አድርገን እናልፋለን።

እትዬ አለምነሽ ስልሳዎቹን በሁለት ረድፍ እንድንከፍላቸው ፈለጉ፤ ሰኞ ጠዋት በብዛት የሚቀሩና የማይቀሩ። እኔ ወዲያው መቁጠር ስጀምር እጄን ያዙት።

«‹በብዛት› ማለት ምን ማለት ነው? ሳንቆጥር እንወስን። ከጀመርን በኋላ ልባችን ወደሚፈልገው ይጎትተናል።»

ከሰኞዎቹ ከግማሽ በላይ የቀረች «በብዛት የምትቀር» እንድትባል ተስማማን። ከዚያ ቆጠርን። በብዛት የሚቀሩት አርባ ሆኑ፤ ከነሱ ያለፉት ስምንት፣ 0.2። የማይቀሩት ሃያ ሆኑ፤ ከነሱ ያለፉት አስራ ሦስት፣ 0.65። ስምንትና አስራ ሦስት ሃያ አንድ፣ አርባና ሃያ ስልሳ፤ ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል «ቁጭ በል» አሉኝ። «ሰኞ ስለቀሩ ወደቁ አይልም ይሄ ሰንጠረዥ። ስንቅ የሚያቀብላት ሰው ያላት ልጅ ሌላም የሚያግዛት ሊኖር ይችላል። የምናውቀው አብረው መሄዳቸውን ብቻ ነው። ለሰውየውም እንደዚሁ ነው የምነግራቸው።»

አያ ፈንታ በሳምንቱ መጡ። እትዬ አለምነሽ መጀመሪያ መጥፎውን ነገሯቸው፤ ከስልሳ ሃያ አንድ። ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሜቴ፣ እኔ እኮ ስልሳ ልጅ የለኝም። አንዲት ናት።»

መምህርቷ ወረቀቱን ወደ ሰውየው አስጠጉት። ይህን ጥያቄ ምናልባት ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት ኖረው ይሆናል።

«ልክ ነዎት» አሉ። «ይህ ወረቀት ልጅዎን አያውቃትም። እሷ ወይ ታልፋለች ወይ አታልፍም፤ 0.35 ታልፋለች የሚባል ልጅ የለም። ወረቀቱ የሚያውቀው በዚያው መንገድ ከሷ በፊት የሄዱትን ነው። ቆላ ልትወርድ የተነሳች ብትሆን ከዚያ የተመለሱትን አይጠይቁም ነበር?»

«እጠይቃለሁ።»

«የኔም ይኸው ነው።» ከዚያ ሁለቱን ረድፎች አስረዷቸው። ለሚቀሩት ከአምስት አንድ፣ ለማይቀሩት ከሃያ አስራ ሦስት። ሰውየው ሰኞ የሚባለውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«እናንየ፣ ሰኞ ትቀሪያለሽ እንዴ?»

«አባየ፣ ስንቁን ይዤ የምደርሰው ረፋድ ላይ አይደል?» አለች ከበሩ ሳትላቀቅ። «የሰኞን ትምህርት ማክሰኞ ከሰው ደብተር እገለብጠዋለሁ። አንዳንዱ አይነበብም።»

«ሰኞ የማይቀሩትስ፣ ስንቁን ማን ያመጣላቸዋል?»

«አባት ወይ ወንድም ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ያመጣል» አሉ እትዬ አለምነሽ።

አያ ፈንታ ተነፈሱ። «እኔ ፈንታ፣ የእንጀራ አገልግል ተሸክሜ በሰው ፊት ደብረ ታቦር ልግባ? አገር አይስቅብኝም?»

«ስንት ሰው ይስቃል?»

«ኧረ ብዙ ነው!»

«ቆጥረው ይንገሩኝ።»

ሰውየው ሳይፈልጉ ሳቁ፤ እናንየም ከነጠላዋ ስር ሳቀች። «እሺ» አሉ። «አህያው ላይ እጭነዋለሁ፤ ድንች አስመስዬ በጆንያ እሸፍነዋለሁ።» ወዲያው ግን ሳቃቸው ቆመ። «ይሄን ካደረግሁ ታልፋለች ማለትዎ ነው?»

«አይደለም። ከሃያው ሰባቱ ወድቀዋል። ይህንንም ይዘው ይሂዱ።»

ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አያ ፈንታ ከአህያቸው ጋር ሲመጡ አያቸው ነበር። መጀመሪያ አገልግሉ በጆንያ ተሸፍኖ ነበር፤ እየቆየ ጆንያው ቀረ። የእናንየን ጓደኞች ስንቅም መጨመራቸውን ሰማሁ። እናንየ ሰኞ ሰኞ ከፊት ወንበር ትቀመጥ ጀመር። በግንቦት ተፈተነች።

መስከረም ላይ ለምዝገባ ስንመለስ ውጤቱ ደርሶ ነበር። ለአስራ አንደኛ ክፍል ከሚያስፈልገው በጥቂት ጎደላት። አላለፈችም።

አያ ፈንታ በዚያው ሳምንት ግቢው ውስጥ ብቅ ሲሉ እኔ መደበቂያ ፈለግሁ። እትዬ አለምነሽ ግን ሹራባቸውን ሰብስበው ወደ ሰውየው ሄዱ። ከኋላቸው ተከተልኩ።

«እሜቴ፣ አላለፈችም።»

«ሰምቻለሁ፣ አያ ፈንታ። እኔንም አሞኛል።»

«ከሃያው ሰባቱ ብለውኝ ነበር። ከሰባቱ ሆነች።»

«አዎ።»

ሰውየው መሬቱን በዱላቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉ። «ታልፋለች ብለውኝ ቢሆን ዛሬ ይዣት ነበር የምሄድ። ማንንም አልሰማም ነበር። አልዋሹኝም። አሁን ደግሞ ልጅቱ ቴክኒክና ሙያ ልግባ ትላለች። እዚያ የገቡትስ እንዴት ሆነዋል?»

«አላውቅም። እቆጥርልዎታለሁ።»

«እስኪቆጥሩ ትመዝገብ እንግዲህ። ስንቁ እንደሆን አህያው መንገዱን ለምዷል።»

እናንየ በማግስቱ ተመዘገበች።

ያን ዕለት ከሰዓት ሰንጠረዡን አውጥተን የአዲሱን ዓመት ውጤት ማስገባት ጀመርን። የመጀመሪያዋ እናንየ ነበረች፤ የዓመቱ ሰኞዎች ሲቆጠሩ የቀረችባቸው ከግማሽ አላለፉምና ሰኞ ከማይቀሩት ረድፍ፣ ካላለፉት ቦታ። እትዬ አለምነሽ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አድርገው ቆዩ። ላጽናናቸው ብዬ «እትዬ፣ አንዷ ብዙ አትለውጠውም፤ አስራ ሦስት ከሃያ አንድ 0.62 ነው፤ በጥቂት ነው የሚወርደው» አልኩ።

«አኃዙ በጥቂት ነው የወረደው» አሉ። «ልጅቷ ግን ሙሉ ሰው ናት።»

ከዚያ ጭረቷን አሰመሩ። ከሌሎቹ አላሳነሷትም፣ አላስረዘሟትም። ሰንጠረዥ በሰራሁ ቁጥር የማስታውሰው ያንን ነው፤ ያቺን አንዲት ጭረት ለማስመር የወሰደባቸውን ጊዜ። ከዚያ በፊት ለእኔ ጭረት የሚደመር ነገር ነበር።

አንባቢዬ፣ እናንተም ሞክሩት። ስለ ሰፈራችሁ፣ ስለ ተማሪዎቻችሁ ወይም ስለ ልጆቻችሁ «ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው» የምትሉትን አንድ ነገር ምረጡ። ምን እንደምትቆጥሩ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ሁለት ረድፍ ስሩ፤ ጥቂት ሳምንታት ጭረት አድርጉ፤ የሆነውን ለጠቅላላው አካፍሉ። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ወረቀቱን ቶሎ አጣጥፋችሁ አታስቀምጡት። ከጭረቶቹ በአንዷ ላይ ጣታችሁን አሳርፉና ይህች ማን ናት ብላችሁ ጠይቁ።